ሰንጢ የሌለበት ስብሰባ

ድንኳኑ የወደቀው ሊቀመንበሯ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰፈር ማንም ሰው...» ስትል ነበር። ማንም ሰው ምን እንደሚሆን የሰማ የለም። ነጩ ሸራ አንዴ ወደ ላይ ተነፋ፣ ከዚያ ከነምሰሶው፣ ከነአበባው፣ ከነንግግሩ በተሰብሳቢው አናት ላይ ዘፍ አለ።

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ሲደርሱ ከሸራው ሥር ያልወጡ ሰዎች ገና ነበሩ። ሸራው እዚህ ጋ ይነሳል፣ እዚያ ጋ ይረግባል። አንዱ «እግሬን ልቀቀኝ!» ይላል፣ ሌላው «እኔ የያዝኩት የወንበር እግር ነው!» ብሎ ይመልሳል። ማይኩን ያጠፋው ሰው ስላልነበረ ጭቅጭቁ ሁሉ በድምፅ ማጉያው ለሰፈሩ ይተላለፋል። ኢንስፔክተሩ ከንፈሩን ነከሰ። ፊቱ ለቁም ነገር የማይመች ሰው ነው፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ አንድ ቀልድ ትዝ ያለው የሚመስል። በዚህ ፊት የተነሳ ሌባም ባለንብረትም «ይሄ ሰውዬ ይስቅብኛል» እያሉ ለአለቆቹ አመልክተውበታል።

«ጌታዬ፣ ትልልቅ ሰዎች እየወጡ ነው፤» አለችው ሳጅኗ በሹክሹክታ። «ፊትዎን ይሰብስቡ።»

«እየሰበሰብኩ ነው። አንዱን ጉንጭ ስይዘው አንዱ ያመልጠኛል።»

ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ግን በኋለኛው ማዕዘን በኩል ድንኳኑን ወጥሮ የያዘው ገመድ በራሱ ጊዜ አልተበጠሰም። ይህን መጀመሪያ ያየው ባለሱቁ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። «በስለት ነው! በስለት ተቆርጧል!» ብሎ ሲጮህ፣ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ዓይኑን ድንኳን ተካዩ ላይ ተከለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ጎረምሶች ተጣልተው አንዱ ሰንጢ መዘዘ፣ የሌላው መዳፍ ተሰነጠቀ። መዳፉ ዳነ፤ የሰፈሩ እንቅልፍ ግን አልዳነም። ቁስሉን ያሰረችው የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች፤ ፋርማሲዋ እዚያው ማቆሚያው አጠገብ ነው። ደሙን ከእጇ ታጠበች እንጂ ከልቧ አልለቀቃትም። ስለዚህ «ኪስ ሁሉ ከስለት ነፃ ይሁን» የሚል ዘመቻ ጀመረች። ለዛሬው ስብሰባም በር ላይ ቅርጫት አስቀመጠች፤ ስለት የያዘ እዚያ ጥሎ ይገባል፣ ሲወጣ ይወስዳል። ሁሉም ጣለ። እምቢ ያለው ድንኳን ተካዩ ብቻ ነበር።

ሰውዬው ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ መሬት ውስጥ ከገባ የማይነቃነቅ ዓይነት ስለሆነ ሰፈሩ ካስማ ይለዋል። «ያለ ሰንጢዬ ድንኳን አልጠብቅም። ካስፈለገ ድንኳኑን ነቅዬ እሄዳለሁ፤» ብሎ በሰው ፊት መለሰላት። እሷም «አንተ ከማን ትበልጣለህ?» ብላ ጮኸችበት። በዕድሜ ታላቋ የሆነውን ሰው አንተ ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ንግግሩ ተጀመረ፣ ከዚያ ድንኳኑ ወደቀ። ሰፈሩ ሌላ ማስረጃ ምን ያደርግለታል?

«ውሰዱልን!» አለ ባለሱቁ። «የልጄንም ሠርግ ድንኳን ሌላ ሰው ይተክልልኛል። በሙሽራ አናት ላይ ሲጥልብኝ ቆሜ አላይም!»

ካስማ ሰንጢውን አውጥቶ ለሳጅኗ አስረከበ። ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

* * *

«ይሄ ምንድን ነው?» ኢንስፔክተሩ ጣቢያ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ዕቃ በእስክሪብቶው ነካ አደረገ።

«ሰንጢ ነው።»

«ሌላ ስም የለውም?»

«ሰንጢ ነዋ! ምን ልበለው?»

እጀታው እንጨት ነው፤ ስለቱ ከመሳል ብዛት ቀጥኗል። ለማስፈራራት ቢመዘዝ የሚያስፈራ ዓይነት አልነበረም።

«ምን ይሠሩበታል?»

«የተተረተረ የገመድ ጫፍ እከረክምበታለሁ። ካስማ እጠርብበታለሁ። ሸራ ስጠግን ክር እቆርጥበታለሁ። ሲርበኝ ዳቦዬን እገምስበታለሁ።»

«መዘው ያውቃሉ? በጸብ ማለቴ ነው።»

«አንድ ቀን።»

ሳጅኗ ከምትጽፍበት ቀና አለች። «ከማን ጋር?»

«ከሐብሐብ ጋር፤» አለ ካስማ ሳይስቅ። «አሸነፍኩት።»

ኢንስፔክተሩ ጉንጩን በመዳፉ ያዘ። «ድንኳኑ ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«ድምፅ ማጉያው ጋ። ነፋስ ስለተነሳ እንዳይወድቅ ደግፌ ይዤው ነበር።»

«ማን አየዎት?»

«ሰው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሯ ነው የሚያየው፤ እኔን ማን ያየኛል? ድንኳን ተካይ የሚታየው ድንኳኑ ሲወድቅ ነው።»

ስልኩ ጮኸ። ኮማንደሩ ነበር። «አንድ የተቆረጠ ገመድ፣ አንድ ሰንጢ የያዘ ሰው፤ ምን ትጠብቃለህ? እስከ ማታ ክሱን አዘጋጅልኝ!» አለ። ኢንስፔክተሩ «ጌታዬ፣ ትንሽ...» ሲል ስልኩ ተዘጋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይህን ግን ኢንስፔክተሩ በሆዱ ነው ያለው፣ ማዕረጉን ስለሚወዳት።

«ኢንስፔክተር፣» አለ ካስማ፣ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «እኔን እስር አይደለም የሚያስፈራኝ። ሰው ለእኔ ግቢውን ነው የሚከፍትልኝ። ሠርጉ ላይ፣ ለቅሶው ላይ፣ ከቤተሰቡ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ሰንጢ መዛዥ ነው ከተባልኩ ማን በሩን ይከፍትልኛል? ባለሱቁ ዘግቷል። ነገ ሌላው ይዘጋል።»

ኢንስፔክተሩ ሳይቀልድ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ተነሳ። ሳይቀልድ ሲቀር ነገሩ ከብዶታል ማለት ነው።

* * *

ሊቀመንበሯን በማኅበሩ ቢሮ ውስጥ የእናቷን የልብ ትርታ እየለካች አገኟት። እማማ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሻርፓቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ይዳብሱታል። ሰፈሩ ውስጥ እማማን ሳይስም የሚያልፍ የለምና ኢንስፔክተሩም ጉንጫቸውን ስሞ ተቀመጠ።

«የት ነበሩ?» አላት ሊቀመንበሯን።

«መድረኩ ላይ፣ ማይክ ይዤ። ሕዝብ በሙሉ ያየኛል።»

«እማማስ?»

«ከኋላ፣ ነፋሻው ጋ። ድምፅ ማጉያው ራሷን ያዞራታል። ስንደርስላት ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አገኘናት፤ እግዜር ነው ያተረፋት።»

«ልጄ፣» አሉ እማማ ወደ ኢንስፔክተሩ ዘንበል ብለው፣ «እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ እማማ። በዚህ ዕድሜዎ ይህን የመሰለ ድንጋጤ!»

«ድንጋጤውስ ደህና። እዚያ ገመዱ ጋ...»

«እዚያ ገመዱ ጋ እርስዎን ማስቀመጥ አልነበረባቸውም፤ ልክ ነዎት።» ራሱ ተነስቶ ከጠርሙሱ ውሃ ቀዳና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ይጠጡና አረፍ ይበሉ። ነገሩን እኛ ይዘነዋል።»

እማማ ብርጭቆውን ተቀብለው ትንሽ አዩት። ከዚያ «ተባረክ» ብለው ጠጡ።

«ካስማ ነው፤» አለች ሊቀመንበሯ። «እኔ ሰው ለመጥላት ብዬ አይደለም፤ ግን ሌላ ማን ስለት ነበረው? ያንን የልጅ እጅ እርስዎ ቢያዩት ኖሮ...» አልጨረሰችውም። ኢንስፔክተሩም አልሳቀም፤ ፍርሃቷ እውነተኛ ነበር።

* * *

ስብሰባው የተደረገበት ሜዳ ላይ፣ ሰው ለማውጣት ምሰሶው ቀና የተደረገው የድንኳኑ የፊት ግማሽ አሁንም እንደቆመ ነው። ሳጅኗ ከኋላው በኩል የተቆረጠውን ገመድ አነሳች። በገመዱ ድርብ መሃል አንድ የሱፍ ክር ተሰንቅሮ ነበር፤ ወይን ጠጅ ቀለም።

«ይሄ ከድንኳን የመጣ አይደለም፤» አለች።

«ከሰው ልብስ ነው።» ኢንስፔክተሩ ክሩ የሚገባበትን የታሸገ ፕላስቲክ ቦርሳ ተቀበላት፣ ከቁልፉ ጋር በተንጠለጠለችው ትንሽ ስለት ጫፉን ቀደድ አደረገና መልሶ ሰጣት። «የቆረጠው ሰው ወይን ጠጅ ለብሷል። አሁን ገና ወግ ያለው ምርመራ ሆነ።»

ይህን ሲል የሚያስብ ሰው እንደሚያደርገው እጁን ወደ ቀረበው ነገር ሰደደ። የቀረበው ነገር በፊት በኩል ያለው ገመድ ነበር። ቋጠሮው ላይ አንድ ጫፍ ተንጠልጥላለች። ልጅ ሆኖ የጫማ ማሰሪያ ሲያይ ዝም ብሎ የማያልፍ ሰው ነበርና ሳብ አደረጋት።

ቋጠሮው ምንም ሳያንገራግር ተፈታ። ድንኳኑ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ።

ከሸራው ሥር ጨለማ ነበር፤ የሣርና የላስቲክ ጠረን ይሸታል።

«ሳጅን? የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ። ምሰሶ አቅፌ።» ሸራውን ከፊቷ ገፋች። «ጌታዬ፣ ድንኳኑን ማን ጣለው ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

ኢንስፔክተሩ በጀርባው ተንጋሎ በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁን ሳይጨርስ ግን በክርኑ ቀና አለ።

«ሳጅን፣ በአንድ ጣት ነው የሳብኩት።»

«አይቻለሁ።»

«ይሄን ቋጠሮ ያሰረው ማን ነው?»

«ካስማ...» አለችና ገባት። «ድንኳኑን መጣል ቢፈልግ ስቦ ይሄዳል! ገመድ ምን አስቆረጠው? ያውም የራሱን ገመድ!»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይሄ ነው። በይ ጭንቅላቴን ከዚህ አውጪልኝ።»

ለኮማንደሩ ደውሎ ነገረው። ኮማንደሩ እስከ መጨረሻው ሰማውና «ቋጠሮ ምስክር አይሆንም። ካስማ ካልሆነ ሌላ ስለት የነበረውን ሰው አምጣልኝ፤» ብሎ ዘጋ።

* * *

በሰፈሩ ውስጥ ወይን ጠጅ ሹራብ በማድረግ የሚታወቅ አንድ ሰው አለ፤ የአዳራሹ ባለቤት። የሚያከራየው አዳራሽ እያለ ማኅበሩ ሜዳ ላይ ድንኳን መትከሉ አንገብግቦታል። ሳጅኗ ሹራቡን ከሩቅ ስታየው እጇን አፋተገች።

«ስብሰባው እኔ ጋ ይሁን ብለው ነበር?»

«ብያለሁ። ጣሪያ ያለው ቤት እያለ በጨርቅ ሥር መሰብሰብ ምን ይባላል? ይኸው ወደቀላቸው!» ደስታውን መደበቅ አልቻለበትም።

«ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«የፊት ረድፍ ላይ።»

«እያጨበጨቡ?»

«እያዛጋሁ።»

ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ አንሺው የላከለትን ምስል አሳያቸው። ሸራው ከላይ መውረድ ሲጀምር የተነሳ ነው። የፊት ረድፍ መሃል ላይ ወይን ጠጅ ሹራብ ለብሶ፣ ሰማዩን ትቶ፣ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ የሚያዛጋው እሱ ራሱ ነበር።

«ይሄን ምስል ለባለቤቴ እንዳታሳዩብኝ፤» አለ። «ንግግሩ ልብ ይነካል ብያታለሁ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖ ቀረ። ኢንስፔክተሩ ሹራቡን በሐዘን ተሰናበተው።

* * *

የቀረው ቅርጫቱ ነው። ፖሊስ ይቆይ ስላለ ማንም ዕቃውን አልወሰደም ነበር፤ በር ላይ ሲፈትሽ የነበረው የማኅበሩ ዘበኛ በጨርቅ ሸፍኖ እግሩ ሥር አድርጎታል። ኢንስፔክተሩ ሰፈሩን በር ላይ ሰበሰበ።

«ሰንጢ ያለው ወደዚህ ይምጣ።»

የተነቃነቀ የለም። አንዳንዱ እንዲያውም ሰንጢ የሚባለውን ቃል ሲሰማ ልጁን ወደ ጉያው ሳበ።

«እሺ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ዕቃ ያለውስ?»

ሰልፉ እስከ አውራ ጎዳናው ደረሰ።

«የእኔ ብርቱካን መላጫ ናት፤» አሉ ጡረተኛው መምህር። ከቅርጫቱ ያወጡት ብርቱካን መላጫ ከካስማ ሰንጢ እጥፍ ያህል ይረዝም ነበር።

«የእኔ ክር መተርተሪያ፤» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የእኔ እርሳስ መቅረጫ፤» አለ የማኅበሩ ጸሐፊ።

ባለሱቁ ደረቱን ነፍቶ መጣ። «እኔ እንኳን ሰንጢ ሊኖረኝ፣ ሰንጢ የያዘ ሰው ሱቄ አላስገባም። ይቺ የካርቶን መክፈቻ ናት።» ለማሳየት ቁልፏን ሲጫናት ስለቷ ቀጭ ብላ ተስፈንጥራ ወጣች፤ ሳጅኗ ወደ ኋላ ዘለለች።

«ካርቶኑ ይሮጣል እንዴ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ጌታዬ፣» አለች ሳጅኗ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ለመሆኑ ያቺ ከቁልፍዎ ጋር ያለችውስ?»

«እሷማ ቁልፍ መያዣ...» ብሎ ራሱን ሰማ። ሳጅኗ ቅንድቧን ብቻ አነሳች።

ያኔ ኢንስፔክተሩ አፈረ። ሰፈሩ በሙሉ ስለት ይዞ ይዞራል፤ እሱ ራሱ ይዞ ይዞራል። ዕቃውን በስሙ የጠራው ግን ካስማ ብቻ ነበር፤ የታሰረውም በስሙ ስለጠራው ነው። እውነት በመናገሩ ጣቢያ ቁጭ ብሎ በር የሚከፍትለት ሰው ይኖር እንደሆነ ያስባል።

«ቅርጫቱን የነካው ሰው አለ?» ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ከእግሬ ሥር አልተለየም።»

«ሲገቡ ሁሉንም ጠይቀሃል?»

«አንድ በአንድ።»

«ሁሉንም?»

ዘበኛው ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ማለቴ... የሚጠየቀውን ሁሉ።»

«የማይጠየቅ አለ እንዴ?»

«እንዴ! እማማን በየት አፌ ‹ሰንጢ ይዘዋል ወይ› ልበላቸው? ያሳደጉን ሰው ናቸው! ነውር አይደለም?»

ኢንስፔክተሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ሳይስቅ ዘጋው። እማማ ጭን ላይ የታጠፈውን ሻርፕ አሰበ። ቀለሙን አሰበ።

«ሳጅን፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ምስክር ሁለት ጊዜ ሊናገሩ ብለው ሁለቴም አፋቸውን በክብር ዘግቼዋለሁ። ውሃ ሳይቀር አጠጥቼ።»

* * *

የሊቀመንበሯ ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። «ክሱ ተዘጋጀ?» አለች በሩን እየከፈተች። ኢንስፔክተሩ አልፏት ገባና ከእማማ አጠገብ ዝቅ ያለች በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ጠዋት ሊነግሩኝ የነበረው ምንድን ነው?»

«አሁን ጠየቅከኝ?» አሉ እማማ። «እግዜር ይስጥህ። እስካሁን አረፍ ይበሉ ያላለኝ ሰው የለም፤ መናገር የምችለው አርፌ ስጨርስ ነው ብዬ ተውኩት።»

«እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው?» አለች ሊቀመንበሯ።

«ነፋስ ነበር። ሻርፔ እየተነሳ አስቸገረኝ፤ ጫፉን እዚያ ገመድ ላይ ቋጠርኩት። ከዚያ ንግግርሽ ረዘም ሲል ዓይኔን ከደን አደረግኩ።»

«እማዬ!»

«ረዘመ ልጄ፤ በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ልናገር? ነፋሱ ድንኳኑን ሲያነሳው ገመዱ ተነሳ፣ ሻርፑም አንገቴን ይዞ ተነሳ። ብድግ አደረገኝ። ትንፋሽ አጣሁ።» እማማ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱና እጀታዋ አጥንት የሆነ ትንሽ ሰንጢ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ያኔ በዚች ቆረጥኩት።»

ሊቀመንበሯ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። ሳጅኗ ወይን ጠጁን ሻርፕ ከእማማ ጭን አንስታ ዘርፉን አየች። አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል።

«እማማ፣ ሻርፑን አይቆርጡም ነበር? ከገመዱ እሱ አይቀልም?»

«ሻርፑንማ እንዴት ብዬ? ልጄ ናት የገዛችልኝ።»

ሊቀመንበሯ ሰንጢዋን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገቻት። «አንቺ... ይሄን ይዘሽ ነው የምትዞሪው?»

«እርሳስሽን በምን ስቀርጽልሽ ኖርኩ? በጥርሴ? የደብተርሽን ክር፣ የቀሚስሽን ጠርዝ፣ የእግርሽን እሾህ? ያኔ ሰንጢ አትይውም ነበር፤ የእማዬ ቢላ ነበር የምትዪው።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?» የእናቷን እጅ ያዘች። «ታንቀሽ... እዚያው ሆኜ... ለምን አልጠራሽኝም?»

«ጠራሁሽ፤» አሉ እማማ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ማይክ ይዘሽ ነበር።»

ሊቀመንበሯ ፊቷን በእናቷ ጭን ላይ ደፋች። እማማ ፀጉሯን ዳበሱላት። ኢንስፔክተሩ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ በዕድሜው ሁሉ ፊቱን መሰብሰብ ያልከበደው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«በሉ ለካስማ ንገሩልኝ፣» አሉ እማማ ቆይተው፣ «ገመዱን አሳምሬ እሰፋለታለሁ።»

«ካስማ ታስሯል፣ እማማ።»

«ምን አድርጎ?»

«ገመዱን ቆርጠሃል ተብሎ።»

እማማ የልጃቸውን ራስ ከጭናቸው አነሱ። «ጫማዬን አምጪ!»

* * *

ኮማንደሩ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ነበር። «እንግዲህ የምንከሰው ማንን ነው?» አለ።

«እማማን፤ በር ላይ ናቸው። እርስዎ ይንገሯቸው።»

ኮማንደሩ በመስኮት አየ። እማማ ከጣቢያው ዘበኛ ወንበር ተቀብለው ተቀምጠዋል፤ መንገደኛው እየጎነበሰ ይስማቸዋል። ኮማንደሩ መጋረጃውን ቀስ ብሎ መለሰና «ፋይሉን ዝጋው» አለ። «እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም።»

ካስማ ሲወጣ ሊቀመንበሯ ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀዋለች።

«ጋሽ ካስማ፣ በድዬዎታለሁ።»

«ስህተት ያለ ነው፤» አለ ካስማ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ።

«ነገ ስብሰባ ጠርቼ በሰው ፊት...»

«ነገ እስኪደርስማ ሰፈሩ ዛሬ አውርቶ ይጨርሰኛል።» ይህን ብሎ ወደ ጓሮው መንገድ፣ ሱቅም ሰውም ወደሌለበት ወደ አቋራጩ ዞረ።

ክንዱን ያዘችው። «በዚያ አይደለም። በዋናው መንገድ ነው የምንሄደው፣ እኔና እርስዎ።»

«ተይኝ እባክሽ። ሰው ያየናል።»

«እንዲያየን ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። ክንዱን ይዛ መሃል ለመሃል ሄደች፤ እማማ የሳጅኗን ክንድ ይዘው ከኋላ፣ ኢንስፔክተሩ ከሁሉም ኋላ። በልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሊቀመንበሯ ቆመች። «ጋሽ ካስማ አልቆረጡም። የቆረጠችው እናቴ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» የመጀመሪያው ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ጡረተኛው መምህር ጋ ሲደርሱ ጠና አለ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲደርሱ ከመንገዱ ማዶ ያለውም ሰማ። እማማ በየበሩ እጃቸውን እያነሱ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ሰው ሲስቅ እሳቸውም ይስቃሉ።

«ለነዚያ ጎረምሶች ግን አሁንም ዝም አልልም፤» አለችው ሊቀመንበሯ በመንገድ ላይ።

«ዝም አትበይ። እኔም አግዝሻለሁ። ስለት ይዞ የሚሠራና ስለት ይዞ የሚያስፈራራ በአንድ ቅርጫት አይገቡም እንጂ፣ ፍርሃትሽስ ልክ ነው።»

ባለሱቁ መዝጊያውን ሊያወርድ እጁን አንስቶ ነበር። ሊቀመንበሯ ፊቱ ቆማ ያንኑ ቃል ደገመችለት፤ ከጨረሰችም በኋላ አልሄደችም። ባለሱቁ እጁን ከመዝጊያው አወረደ። ካስማን አየ፣ መሬቱን አየ፣ እንደገና ካስማን አየ።

«ለሠርጉ...» አለ፣ «ድንኳኑን መቼ ታመጣልኛለህ?»

«ከዋዜማው ጀምሮ ግቢህ ውስጥ ነኝ፤» አለ ካስማ። ክንዱን ከሊቀመንበሯ እጅ ሊያወጣ ሞከረ። አልለቀቀችውም።

ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ የሰው ምላስ ፈርታ ተቀርቅራ ነው የዋለችው። ሊቀመንበሯ ራሷ አንኳኳች። በሩ ገርበብ አለና ሚስትየው ባሏን አየች፣ ከዚያ ክንዱን የያዘችውን ሴት።

«እኔ ነኝ ያስወሰድኩት፤» አለች ሊቀመንበሯ። «እኔው መለስኩት።»

ሚስትየው ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት። ከዚያ በሩን እስከ ጥጉ ከፈተችና «ግቡ፣» አለች፣ «ሁላችሁም ግቡ።»